ሳይቆፍሩ ይቁጠሩ፦ በአዋሽና በሰመራ የመታጠቢያ ቤት እድሳት ወጪ አወጣጥ

«ሻወር ቤቴን ላድስ ነበር፤ ስንት ይፈጅብኛል?» ይህን ለአምስት ሰው ቢያቀርቡ አምስት የተለያየ መልስ ያገኛሉ፤ አምስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የነገረዎት ዋጋ አዋሽ ሰባት ሲደርስ ይጨምራል፣ ሰመራ ሲገባ ደግሞ ሌላ ዋጋ ይሆናል። እዚያው ሰመራ እንኳ ጎረቤትዎ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ስላዞረ እርስዎ ከሚያወጡት በጣም የበለጠ አውጥቶ ይሆናል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የብር መጠን አይነግርዎትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እየተወሰነ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የዛሬ ዋጋው ለሚቀጥለው ወር ዋስትና የለውም። የሚጠቅምዎት የራስዎን ሒሳብ በራስዎ የሚያወጡበት መንገድ ነው። ወጪውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መንገዱ፣ ውሃውና የእርስዎ ምርጫ። መንገዱን አይለውጡትም። ከውሃው ጋር ተስማምተው ይሠራሉ። ምርጫው ግን በእጅዎ ነው፤ ትልቁ ልዩነትም የሚመጣው ከእሱ ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልግዎት ብዙ አይደለም፦ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ደብተር፣ ባዶ የላስቲክ ጠርሙስና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ።

1. የሥራውን ደረጃ ይወስኑ

እድሳት ሲባል ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፤ አለዚያ የሚነግሩዎትን ዋጋ ከምን ጋር እንደሚያነጻጽሩ አያውቁም።

ቀላሉ ደረጃ ማደስ ነው። ቧንቧ፣ የሻወር ራስና ሲፎን ይቀየራሉ፤ የሴራሚኩ መገጣጠሚያ ተፍቆ እንደገና ይሞላል፤ ከሴራሚክ በላይ ያለው ግድግዳ ቀለም ይቀባል። ግድግዳ አይፈርስም፤ ሥራው በጥቂት ቀን ያልቃል።

መካከለኛው ዕቃ መቀየር ነው። መቀመጫው፣ የእጅ መታጠቢያውና ሴራሚኩ አዲስ ይሆናሉ፤ የፍሳሽ መስመሩ ግን ከነበረበት አይነቃነቅም።

ከባዱ አፍርሶ መሥራት ነው። ወለሉ ይቆፈራል፣ የፍሳሽና የንጹሕ ውሃ መስመር እንደ አዲስ ይዘረጋል፣ ልስኑ ይነሳል። ከፍርስራሽ ማስወገጃ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቀለም ድረስ እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ይከፈልበታል።

የተለመደው ስህተት በመካከለኛው ጀምሮ መሐል ላይ ወደ ከባዱ መግባት ነው። ሴራሚኩ ከተነሳ በኋላ «እግረ መንገዳችንን ቧንቧውንም እንቀይረው» ማለት ሲመጣ በጀቱ ይፈርሳል። ቧንቧው መቀየር እንዳለበትና እንደሌለበት አስቀድሞ የሚታወቀው ቀጥሎ ያለውን ምርመራ በደንብ ሲሠሩ ነው።

2. ቤቱን ይመርምሩ

አዲስ ሴራሚክ ችግርን ይሸፍናል እንጂ አይፈውስም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አራት ነገሮችን ይመልከቱ።

አንደኛ፣ ስንጥቅ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዋሽን ጨምሮ ብዙ ቦታ ተሰምቷል። ቤትዎ በዚያ ወቅት ከተነቃነቀ ግድግዳውን በጥንቃቄ ያስተውሉ። ልስን ላይ ብቻ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የሚያሰጋ አይደለም። በብሎኬቱ መገጣጠሚያ እየተሰበረ እንደ ደረጃ የሚወጣ፣ ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ ካለ ግን ሴራሚክ ከማሰብዎ በፊት ስለ ግንባታ የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። ግድግዳው ገና እየተነቃነቀ ከሆነ የሚለጥፉት ሴራሚክ አብሮ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ፣ የተደበቀ ፍሳሽ። ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይዩት። ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል። የሚጠቀሙት ከሮቶ ከሆነ ማታ የውሃውን ከፍታ ምልክት ያድርጉበትና ጠዋት ይለኩ።

ሦስተኛ፣ ጨው። ከግድግዳው ግርጌ ነጭ ዱቄት እየወጣ ቀለሙንና ልስኑን የሚያራግፈው ከሆነ እርጥበት ከታች ጨው ይዞ እየወጣ ነው። የላላውን ልስን ሳያነሱ በላዩ ሴራሚክ መለጠፍ ገንዘብ መድፋት ነው፤ ሴራሚኩ ከነልስኑ ይላቀቃል።

አራተኛ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ። ሞልቶ ከሆነ በቦቴ ለማስመጠጥ የሚከፈለውን በበጀቱ ውስጥ ያስገቡ። አዲሱን ወለል ጨርሰው ፍሳሹ ወደ ኋላ ሲመለስ ማየት አይፈልጉም።

3. ይለኩ፤ ብዛቱን በራስዎ ያውጡ

ብዛቱን የማያውቅ ሰው ዋጋ መከራከር አይችልም። አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ክፍሉ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው እንበል፤ በሩ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ሴራሚኩ በግድግዳው 2.1 ሜትር ከፍታ ድረስ ይለጠፋል።

ወለሉ 2 በ1.5 ሲባዛ 3 ካሬ ሜትር ነው። የግድግዳው ዙሪያ 7 ሜትር ሲሆን በ2.1 ሲባዛ 14.7 ካሬ ይመጣል። ከዚህ ላይ የበሩ 1.47 ሲቀነስ 13.23 ካሬ ይቀራል።

አሁን ለቆረጣና ለስብራት ይጨምሩ። አዋሽ ላይ 10 በመቶ ይበቃል፤ ሰመራ ላይ 15 በመቶ ያድርጉት። ምክንያቱ መንገድ ነው፤ አንድ ካርቶን ቢያጥርዎት ከአዋሽ ተመልሶ ማምጣት ይቻላል፣ ከሰመራ ግን ያ ካርቶን ከዋጋው በላይ የማጓጓዣ ወጪ ያስከትላል። የግድግዳው በ15 በመቶ ተጨምሮበት 15.2 ካሬ ግድም ይሆናል። 30 በ60 የሆነው ሴራሚክ ስምንቱ በአንድ ካርቶን ሲታሸግ 1.44 ካሬ ስለሚሸፍን 11 ካርቶን ያስፈልጋል። የወለሉ 3.45 ካሬ ይሆናል፤ በ30 በ30 ሲሰላ 39 ፍሬ ነው።

ለማያያዣው ደግሞ ግድግዳው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ወለሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢይዙ፣ አንድ ለሦስት በሆነ ድብልቅ ከ4 እስከ 5 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶና ግማሽ ሜትር ኩብ የማይሞላ አሸዋ ይፈጃል። ልስኑ እንደ አዲስ የሚሠራ ከሆነ የእሱን ለብቻ ያስሉ።

እዚህ ላይ ምርጫ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያድን ይታያል። ውሃ በቀጥታ የሚረጨው የሻወሩ ጥግ ላይ ብቻ ነው። ሦስቱን የሻወር ግድግዳዎች፣ ማለትም ባለ 1.5 ሜትሩን ሙሉ፣ ግራና ቀኙን 90 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ 2.1 ሜትር ቢለጥፉና ቀሪውን በ1.2 ሜትር ቢያቆሙት የግድግዳው ሴራሚክ ከ13.23 ወደ 10.5 ካሬ ግድም ይወርዳል። ቀሪውን በዘይት ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ቤቱም አያስቀይምም።

የተለመደው ስህተት ለትንሽ ክፍል 60 በ60 ሴራሚክ ለወለል መምረጥ ነው። ቆረጣው ይበዛል፤ ትልቁ ሴራሚክ ወደ ፍሳሹ ዘንበል አልልም ስለሚል ውሃው ይተኛል። ለወለል ትንሽና ሸካራ ይምረጡ፤ የሚያብረቀርቅ ወለል በሳሙና ውሃ ሰው ይጥላል።

4. የፍሳሹን ቦታ ከመንካትዎ በፊት ሁለቴ ያስቡ፤ ቂብላውን ግን አሁን ያረጋግጡ

ወጪውን በአንድ ጊዜ የሚያስወነጭፈው ውሳኔ መቀመጫውን ከነበረበት ማንሳት ነው። የሽንት ቤቱ መስመር 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ነው፤ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። አንድ ሜትር ተኩል ሲያራቁት ወለሉን መቆፈር፣ ከማንሆሉ ጋር ዳግም ማገናኘት፣ ሙሊትና ኮንክሪት ይከተላሉ። ፎቅ ላይ ከሆነ ጭራሽ የታችኛውን ጣሪያ ይነካል። ውበትን ብቻ ፈልገው ከሆነ ይተዉት፤ የእጅ መታጠቢያውን ማዛወር ግን ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ስለሆነ ቀላል ነው።

ማዛወር ተገቢ የሚሆንበት አንድ ምክንያት በአፋር ከተሞች ቸል አይባልም። ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ሲጸዳዱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም በሶላት ወደሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ፣ መዞርንም ጀርባ መስጠትንም ይጠነቀቃሉ። ከአዋሽም ከሰመራም መካ ያለችው በሰሜን አቅጣጫ ነው፤ ከሰመራ ትንሽ ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች። ስለዚህ መቀመጫው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ቢዞር ይስማማል። የስልክዎን ኮምፓስ ይዘው አሁን ይዩት። ለራስዎ ባይሆን እንኳ ቤቱን የሚያከራዩ ከሆነ ተከራይ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ሊሆን ይችላል። ወለሉ ከተዘጋ በኋላ «ዞር ይበልልን» ማለት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

አብረው ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ያካትቱ፤ ዋጋቸው አነስተኛ፣ ጥቅማቸው ብዙ ነው። አንዱ ከመቀመጫው አጠገብ የሚሰቀል ሻታፍ ነው። ሌላው ለውዱእ እግር የሚታጠቡበት፣ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቧንቧ ነው። ሁለቱም መስመራቸው ግድግዳው ሳይዘጋ ካልተዘረጋ በኋላ ግድግዳ ያስሰብራሉ።

የመቀመጫውን ዓይነትም እዚሁ ይወስኑ። ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት «ተርኪሽ» በራሱ ረከስ ይላል፣ በባልዲም ይታጠባል፤ ነገር ግን ወለል ውስጥ ስለሚቀበር ጥልቀት ይፈልጋል። የሚቀመጡበት ከወለል በላይ ይገጠማል፤ አዛውንት ባሉበት ቤት ይመረጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ወለል እንደሚያስቆፍር አይዘንጉ።

5. ዕቃውን እንደ ውሃው ይምረጡ

በአዋሽ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። የእርስዎን ለማወቅ ንጹሕ ብርጭቆ ሞልተው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡት፤ ውሃው ተኖ ሲያልቅ ወፍራም ነጭ ቅሪት ከተወ ቧንቧዎ ውስጥም ያው ይጠራቀማል። እንዲህ ከሆነ የብረት ቱቦ አይግዙ፤ ጨው ይበላዋል። በሙቀት የሚበየደው ፒፒአር ይሻላል፤ ሆኖም ፀሐይ በቀጥታ የሚመታውን ክፍል ይሸፍኑት፤ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ያሰነጥቀዋልም። ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ትልቅ የሻወር ራስም ቶሎ ይደፈናል፤ የሚፈታና በኮምጣጤ ሊዘፈዘፍ የሚችል ይምረጡ።

ሁለተኛው የውሃ ጉዳይ ግፊት ነው። ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ቤት የሚታጠቡት ከሮቶ ነው። ሮቶው ከሻወሩ ራስ በላይ በሚርቅበት በእያንዳንዱ ሜትር የሚያገኙት ግፊት 0.1 ባር ያህል ብቻ ነው። በሁለት ሜትር ከፍታ 0.2 ባር ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ሰፊው «ዝናብ» ሻወርና ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ሚክሰር ለዚህ አልተሠሩም፤ ያንጠባጥባሉ እንጂ አይፈሱም። ወይ ቀለል ያለ የሻወር ራስ ይግዙ፣ ወይ የፓምፕ ዋጋና መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት በሒሳቡ ውስጥ ያስገቡ። ሮቶውን ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ግን 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነውና ማቆሚያው ሸክሙን የሚችል፣ ሮቶውም ቤቱ ሲነቃነቅ እንዳይንሸራተት የታሰረ ይሁን።

ሦስተኛው ገንዘብ የሚተርፍበት ነው፦ ሙቀቱ። ሰመራ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ጣሪያ ላይ ያለው ውሃ በራሱ ይሞቃል፤ ችግሩ ማቀዝቀዝ እንጂ ማሞቅ አይደለም። ስለዚህ ሰመራና ጎረቤቷ ሎግያ ላይ ቦይለር ይሰርዙ። የሚቀረው የቦይለሩ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሙቅ ውሃ መስመሩ፣ ሚክሰሩ፣ ወፍራሙ የኤሌክትሪክ ገመድና ብሬከሩም አብረው ይቀራሉ። ከዚያ ከተረፈው ላይ ትንሽ ቀንሰው ለሮቶው ጥላ ይሥሩለት። አዋሽ ከፍ ስለሚል በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቦይለር ቢፈልጉ አያስወቅስም። እርግጠኛ ካልሆኑ ግድግዳው ክፍት ሳለ መስመሩን ብቻ ዘርግተው ጫፉን ይድፈኑት። ቦይለር ከገባ ግን ኧርዙ በትክክል የተያያዘ መሆኑን ያረጋግጡ፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

6. የት እንደሚገዙ ይወስኑ

አዋሽ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰመራ ደግሞ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለአዋሽ ነዋሪ አዳማና ድሬዳዋ በእጅ ያሉ ገበያዎች ናቸው። የሰመራ ሰው ከአዲስ አበባ መስመር ሌላ በባቲ በኩል ኮምቦልቻን መጠየቅ ይችላል።

ከውጭ የሚገባ ሴራሚክና መቀመጫ ከጅቡቲ ተነስቶ በሰመራ በኩል ወደ መሀል አገር ያልፋል፤ መርካቶ ከተሸጠ በኋላ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ይመጣል። የሰመራ ገዢ የአንዱን መንገድ ኪራይ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ይህን የሚያቃልሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ከባዱንና ርካሹን ከቅርብ፣ ቀላሉንና ውዱን ከሩቅ መግዛት ነው። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ብሎኬት ከሩቅ ቢያመጡ ማጓጓዣው ዋጋውን ይውጠዋል። ቧንቧ፣ ሚክሰርና ፊቲንግ ግን በአንድ ካርቶን ስለሚገቡ ከአዲስ አበባ ቢመጡ ያዋጣሉ። ሴራሚክ መሐል ላይ ነው፤ ሁለቱንም ያስሉ።

ሁለተኛው ጭነት መጋራት ነው። በምሳሌያችን ያለው ሴራሚክ 300 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከመቀመጫና ከቧንቧ ጋር ግማሽ ቶን አይሞላም። ለዚህ ሙሉ አይሱዙ መከራየት አያስፈልግም። ጎረቤት ይፈልጉ፣ ወይም ወደ ጅቡቲ ጭነት ለማምጣት ከሚወርዱት መኪኖች አንዱን በባለንብረቱ ፈቃድ ያነጋግሩ። አገራችን የምታስገባው ከምትልከው ስለሚበልጥ ብዙዎቹ ሲወርዱ ባዶ ናቸው፤ ዋጋም ላይ ለድርድር ቦታ አለ።

ሦስተኛው የአገር ውስጥ ምርት መጠየቅ ነው። ሐዋሳ የሚገኘው ታቦር ሴራሚክ የግድግዳና የወለል ሴራሚክ እንዲሁም የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ያመርታል። አገር ውስጥ ተመርቶ የሚሸጥ ዕቃ ከጎደለ መልሶ ማግኘቱ ይቀላል።

ጭነት ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። የሴራሚክ ካርቶን በጠርዙ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይጫን። በሁሉም ካርቶን ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ የሚለያይ አለ። ሲራገፍም እርስዎ ባሉበት ተከፍቶ ይቆጠር፤ ሹፌሩ ከሄደ በኋላ የተገኘ ስብራት የእርስዎ ነው።

አሸዋውንም ሳይፈትሹ አይረከቡ። የላስቲክ ጠርሙሱን እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ ሞልተው ያናውጡትና ለሰዓታት ያስቀምጡት። ከላይ የተኛው ጭቃ ወፍራም ከሆነ አሸዋው አልታጠበም፤ ይመልሱት። ሲረጋ የሚወጣውን ውሃ አትንነው ነጭ ጨው የሚተው ከሆነም አይቀበሉት።

7. ፕሮፎርማ ይሰብስቡ፤ አንድ ዓይነት ያድርጓቸው

ቢያንስ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይውሰዱ። ለሦስቱም የሚሰጡት ዝርዝር አንድ ይሁን፦ መጠኑ፣ ዓይነቱ፣ ብዛቱ። አንዱ ባለ 8 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሴራሚክ ሰጥቶዎት ከሆነ እያነጻጸሩ አይደለም።

በእያንዳንዱ ላይ አራት ጥያቄ ይጠይቁ። 15 በመቶው ቫት ገብቷል ወይስ ይጨመራል? ዋጋው ለስንት ቀን ይጸናል? የተረፈ ካርቶን ይመለሳል? ማራገፊያው የማን ነው? ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ረከስ ያለ ዕቃ ሲቀርብልዎት ቢሰበር ወይም ቢያፈስ መመለሻ እንደሌለው ያስታውሱ።

ከዚያ በደብተርዎ ላይ ስድስት መስመር ይጻፉ፦ ዕቃ፣ ማጓጓዣና ጫኝ አውራጅ፣ የእጅ ዋጋ፣ የባለሙያ ማረፊያና ምግብ፣ ፍርስራሽና ጉድጓድ፣ መጠባበቂያ። መጠባበቂያውን አዋሽ ላይ ከጠቅላላው 10 በመቶ፣ ሰመራ ላይ 15 ወይም 20 በመቶ ያድርጉት። ይህን መስመር መዝለል በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሥራው መሐል ላይ ሲቆም ባለሙያው ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ እሱን መልሶ ማምጣት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

8. ከባለሙያው ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ

አዋሽ ላይ ከአዳማ ወይም ከመተሃራ የሚመጣ ባለሙያ ሊያገኙ ይችላሉ። ሰመራ ላይ ጥሩ የሴራሚክ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተማ ስለሚመጣ መጓጓዣው፣ አልጋውና ምግቡ የማን እንደሆነ ካልተነጋገሩ ርካሽ የመሰለው የእጅ ዋጋ ውድ ይሆናል።

ሴራሚክን በካሬ፣ የቧንቧ ሥራን በሚገጠመው ዕቃ ቁጥር ይስማሙ፤ በቀን ሒሳብ ከሆነ ሥራው ይጎተታል። ዕቃውን ራስዎ ይግዙ፤ ባለሙያው ዝርዝር ይስጥዎት። ክፍያውን በሦስት ይክፈሉት፦ ለመጀመሪያ አነስተኛ ቅድመ ክፍያ፣ ሁለተኛውን በ10ኛው ደረጃ ያለው የውሃ ፈተና ሲያልፍ፣ የመጨረሻውን ሁሉም ተገጥሞ ለጥቂት ቀን ከተጠቀሙበት በኋላ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት።

የፍሳሽ ጉድጓድ አዲስ የሚቆፍሩ ወይም ግድግዳ የሚያፈርሱ ከሆነ ሥራው ሳይጀመር ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ።

9. ወቅቱንና ሰዓቱን ይምረጡ

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ይዞ ሲቆይ ነው። በአፋር የሞቃቱ ወቅት ፀሐይና ነፋስ ያ ውሃ ገና ሳይሠራ ይተናል፤ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ሴራሚኩ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ግድ ሆኖ በሙቀት ከሠሩ ከማለዳ እስከ ረፋድ፣ ከዚያ አመሻሽ ላይ ይሠራ። ድብልቁ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ያህል ብቻ ይዘጋጅ፤ እየደረቀ ያለን ድብልቅ በውሃ መልሶ ማቅጠን አቅሙን ይገድለዋል። ግድግዳው ከመለጠፉ በፊት ይርጠብ፤ አዲስ ልስን ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ለዚህ የሚሆን ውሃ ቀድሞ ይጠራቀም፤ በቦቴ የሚገዙ ከሆነም በበጀት ይያዝ። ሥራው ረመዳን ላይ ከወደቀ ሠራተኞቹ የሚሠሩበት ሰዓት ስለሚቀንስ የጊዜ ስሌትዎን አብረው ያስረዝሙ።

10. ሴራሚክ ሳይለጠፍ ውሃውን ይፈትኑ

ይህ ደረጃ አንድ ቀን ይወስዳል፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ለዚህ ነው። የንጹሕ ውሃ መስመሩ ጫፍ ጫፉ ተደፍኖ ውሃ ይሞላ፤ ለ24 ሰዓት ይቆይ፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በእጅ ይዳሰስ። የፍሳሽ መስመሩም ተደፍኖ ይሞላ። ሁሉም ደረቅ ከሆነ በፎቶ ያንሱት፤ ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ ቧንቧው በየት እንዳለፈ የሚነግርዎት ያ ፎቶ ነው፤ ቀዳዳ ሲበሱ ያድንዎታል።

ከዚያ የሻወሩ ወለልና ግድግዳ የውሃ መከላከያ ይቀባ። ወለሉ ወደ ፍሳሹ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘንበሉን በውሃ ልክ ይለኩ፤ ባልዲ ውሃም ደፍተው ይመልከቱ፤ ጥግ ላይ የሚተኛ ውሃ ካለ ሴራሚክ አይለጠፍ። ሲፎኖቹ ውስጥ የሚቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ነው ሽታን የሚያግደው። በእነዚህ ከተሞች ሙቀት ይህ ውሃ ቶሎ ይተናል፤ ቤቱን ዘግተው ሲሄዱ በየሲፎኑ ውሃ ጨምረው ጥቂት የምግብ ዘይት ጣል ያድርጉበት፤ ዘይቱ ትነቱን ያዘገየዋል።

11. ብሩ ካጠረ ከየት ይቀንሱ

ሒሳቡን ጨርሰው ካለዎት ገንዘብ ከበለጠ ሥራውን አይሰርዙ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ይቀንሱ። መጀመሪያ ቦይለሩን። ቀጥሎ የግድግዳ ሴራሚኩን ከፍታ። ከዚያ የሴራሚኩን ዓይነት፤ ከውጭ የመጣውን በአገር ውስጥ ይተኩት። ከዚያ መስታወቱን፣ የእጅ መታጠቢያውን ካቢኔትና ፎጣ መስቀያውን፤ እነዚህን በሌላ ጊዜ ሊገጥሟቸው ይችላሉ።

የማይቀነሱት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ የቱቦው ጥራት፣ የወለሉ መዘንበል፣ የውሃ መከላከያው፣ ኧርዙና የ24 ሰዓቱ ፈተና። አምስቱም ሥራው ሲያልቅ ከሴራሚክ ሥር ስለሚሆኑ እንግዳ አያያቸውም፤ ሲበላሹ ግን የሚጠገኑት የከፈሉበትን ሴራሚክ በመዶሻ ሰብሮ ነው። አዋሽ ላይ ያ አዲስ ካርቶን ፍለጋ ወደ አዳማ መውጣት ነው፤ ሰመራ ላይ ደግሞ ለዚያው አንድ ካርቶን የ600 ኪሎ ሜትር ኪራይ እንደገና መክፈል።